ሁለተኛው ፎቶ

አጎቴ አምቦ ውስጥ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው ባለፈው ወር ተለዩን። ቸኩለው አያውቁም። አንዴ ካነሱ በኋላ የድሮ ካሜራቸውን ፊልም በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ያዞራሉ። የሚነሳው ሰው ያለቀ መስሎት ትከሻውን ሲያወርድና ፈገግ ሲል ያኔ ይደግሙታል። «የመጀመሪያው ለካሜራው ነው፤ ሁለተኛው ለቤተሰቡ» ይሉ ነበር።

ጣታቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው፣ ፊልሙን በራሱ የሚያዞር ሞተር ከአዲስ አበባ ገዝቼ መጣሁ። ካሜራው ሥር ገጠምኩትና ለሙከራ እሳቸውን በር ላይ አቆምኳቸው። ቁልፉን ተጭኜ ስይዘው ሞተሩ እየተንጣጣ የፊልሙን ሠላሳ ስድስት ፎቶ በአንድ ጊዜ ጨረሰው።

«ቶሌ፣ ሞተርህ ጎበዝ ነው» አሉኝ ፈተው እየመለሱልኝ፤ «ሰው መጠበቅ ግን አያውቅም።»

የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ አኮረፍኩ። ፊልሙም ሳይታጠብ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ ከእሱ ሌላ አልተገኘም። ፎቶ አንሺን ማን ያነሳዋል? አሳጥቤ አንድ በአንድ አየሁት። ሠላሳ ስድስቱም ላይ ጋሼ እንደ ወታደር ተገትረዋል፤ ያ ፈገግታቸው አንዱም ላይ የለም።

አሁን ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የመጀመሪያው፣ የካሜራው ነው። ሁለተኛውን፣ የእኛን፣ አላነሳሁትም።