ሰሚራን ፈረስ ላይ ለማውጣት፤ ከምን አለሽ ተራ እስከ ለቡ

ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

የዘጠኝ ዓመቷን ልጄን ሰሚራን አዝዬ ከቤት ወጣሁ። የምንሄደው ለቡ፣ ከተማው ዳር ያለ አንድ ግቢ ነው። እዚያ እንደሷ ዓይነት ልጆችን ፈረስ ላይ እያስቀመጡ ወገባቸውን ያጠነክራሉ ተብሏል። የሰሚራ እግሮች ከተወለደች ጀምሮ ደርቀው እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፤ ብቻዋን አትቀመጥም። ትናንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ የቀረው አንድ ቦታ ነው» አለችኝ። እናቷ ለለቅሶ ገጠር ስለሄደች እኔው ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ የማውቀው ፈረስ ጋሪ የሚጎትት ምስኪን እንጂ ሐኪም አይደለም።

ምን አለሽ ተራ፣ የቆርቆሮ ምድጃ የምሠራበት ሱቄ በር ላይ ጎረቤቴን ጋሽ በድሩን አገኘኋቸው። ሚስማር ይመዝናሉ።

«ከድር፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን በስማቸው ይጠሯቸዋል። ሰሚራን አያውቋትም፤ መቼ አሳይቻቸው!

«የእህቴ ልጅ ናት ጋሼ፤ ከገጠር መጥታ ነው።»

«አላህ ያሽራት» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ሰሚራ አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ንግግሯ ዝግ ያለ ነው፤ ጆሮዋ ግን ምንም አያመልጠውም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የሜክሲኮ ታክሲ ያዝን። ወያላው «ፋዘር፣ እግሯን እጠፋት!» ብሎ ጮኸብኝ።

«የሚታጠፍ ቢሆን አንተ እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር?»

የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ በሽታ እንዳይተላለፍባት ነጠላዋን ሰበሰበች። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሦስት ሰዓት ተኩል

ከሜክሲኮ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያም የለቡን ጭቃ በእግር። ጫማዬ ሁለቴ ተውጦ ቀረብኝ። ግቢውን የምትመራው አልማዝ የምትባል ወጣት ናት። «መጀመሪያ ትሞክረው» አለችን።

ፈረሱ ሽማግሌ ዳማ ነው፤ ትከሻው ላይ ጋሪ የላጠው ጠባሳ አለ። ኮርቻ የለውም፣ ብርድ ልብስ ብቻ። ሁለት ሠራተኞች ግራና ቀኝ ደግፈው አስቀመጧት። መጀመሪያ ጮኸች። ፈረሱ ቀስ ብሎ መራመድ ሲጀምር ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ ያ መቀስ ተከፈተ። ወገቧ ቀና አለ።

«ሄደ! ሄደ!» ብላ ሳቀች።

ወይ ጉድ! ዘጠኝ ዓመት እግሯን በቅቤ ስናሽ ያላገኘነውን ይህ አሮጌ ፈረስ በአሥር ደቂቃ አደረገው። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ ምዝገባ። አልማዝ ልጅቷ የተጻፈችበትን የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ጠየቀችኝ። ከየት ላምጣ? የቀበሌው መዝጋቢ ቤታችን የመጣ ጊዜ ሰሚራን ጓዳ አስገብቼ «ልጆቼ ሁለት ናቸው» ብዬ አስጽፌያለሁ። ሰው ምን ይለኛል፣ ነገ ለወንዶቹ ማን ልጁን ይድርላቸዋል ብዬ ነው። መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝና በአፌ እወጣዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች አልማዝ፣ «የሰው ልጅ ተከራይተው የሚለምኑ እዚህም ድረስ ይዘው መጥተውብናል። ግን ግድ የለም፣ እሷው ትንገረን። ሰሚራዬ፣ ይሄ ማነው?»

ሰሚራ አየችኝ። መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ ፊቷ በራ።

«አጎቴ።»

«ሰሚራ! ኧረ ባክሽ!»

«አጎቴ» አለች ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ።

አልማዝ እስክሪብቶዋን ከደነች። «አባቷን ወይ እናቷን ይላኩልኝ።»

«አባቷ እኔ ነኝ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ከኋላችን የነበረችው እናት ልጇን አቅፋ፣ ቅጿን ይዛ ቀረበች። የመጨረሻው ቦታ ዓይኔ እያየ ለእነሱ ተጻፈ።

ስምንት ሰዓት

መንገዱን ሙሉ ቀበሌውን፣ አልማዝን፣ ወያላውን በሆዴ ስሰድብ መጣሁ። ሜክሲኮ ስንደርስ የምሰድበው ሰው አለቀብኝ።

«ለምን አጎቴ አልሽ?» አልኳት።

«ጠዋት... አንተ... አልክ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ምን አለሽ ተራ ስንገባ ጋሽ በድሩ ከሩቅ አዩን። «የእህትህ ልጅ እንዴት ዋለች?»

ቆምኩ። መዶሻ የሚመቱት ሁሉ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ልጄ ናት ጋሼ! የራሴ ልጅ። ሰሚራ ትባላለች።»

ሽማግሌው ሚዛናቸውን አስቀመጡ። ከጀርባዬ አንዲት የደረቀች ትንሽ እጅ መጥታ አፌን ለመክደን ታገለች።

«ሰው... አለ» አለችኝ ሰሚራ በጆሮዬ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራችን በተንኳኳ ቁጥር አፏን ይዤ «ሰው አለ» የምላት እኔ ነበርኩ።