ሦስቴ የተመታ ፍራሽ

ሶፋ ሠሪው ጁዶ የጀመረው ወገቡን ብሎ ነበር። ሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ ከማጎንበስ ብዛት ጠዋት ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ሲያቅተው ሐኪሙ "ወይ ዋና ጀምር፣ ወይ ሌላ እንቅስቃሴ ፈልግ" አለው። መዋኛው ሩቅ ነው። የሰፈሩ የጁዶ ትምህርት ቤት ግን ከወርክሾፑ ሦስተኛው በር ላይ ነበር፤ ድሮ የዱቄት መጋዘን የነበረ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ የአሰልጣኟ ድምፅ የማይሰማበት አዳራሽ። በመጀመሪያው ሳምንት መውደቅ ብቻ ተማረ። በሁለተኛው ሳምንት በወደቀ ቁጥር የፍራሾቹን የተተረተረ ስፌት እያየ አላስቻለውም፤ አንድ በአንድ ወደ ወርክሾፑ እያጋዘ በወፍራም ሸራ አለበሳቸው። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሰው ሆነ። ቁመተ ረጅም ነው፣ እግሩ ደግሞ መሬት ውስጥ የተተከለ ይመስላል፤ ስለዚህ "ዋርካው" አሉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ተከተለው። ታናሽየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሚዶ ከኪሱ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ "ሚዶ" ይለዋል። በአስራ አንድ ዓመት ይበላለጣሉ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ሚዶን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰው፣ ብስክሌት ያለማመደው፣ ሲያጠፋም የቆነጠጠው ዋርካው ነው። ሚዶ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ "ጋሼ" እንዳለው አደገ።

ችግሩ፣ ሚዶ ለጁዶ የተፈጠረ ሆነ። ዋርካው ስድስት ወር የፈጀበትን አጣጣል እሱ በሦስት ሳምንት እጁ አስገባው። መጀመሪያ ዋርካው ኮራ። "ይሄ የኔ ሥራ ነው" እያለ ለደንበኞቹ ሳይቀር ያወራ ነበር። ሚዶ በጀመረ በአራተኛው ዓመት ግን ኩራቱ አንድ ሌላ ነገር አስከትሎ መጣ። ሚዶ ሲሞገስ አብሮ ያጨበጭባል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ለሚስቱ አይነግራትም። "ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ?" ስትለው "ደህና" ብሎ ወሬ ይቀይራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኟ ለቡናማ ቀበቶ ፈተና የሚቀርቡትን ተናገሩ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት ናቸው፤ አጭር፣ ጉልበታቸው በፋሻ የተጠቀለለ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሴት። የሚዶን ስም ጠሩ። የዋርካውን አልጠሩም። "አንተ ትንሽ ቆይ፤ ገና ትቸኩላለህ" አሉት።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሚዶ ትከሻውን መታ አደረገውና "አይዞህ ጋሼ፣ እኔ ልለፍ እንጂ አስጠናሃለሁ!" አለ። ሁሉም ሳቁ። ዋርካውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን የጥርስ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ተጣምረው ፍራሹ ላይ ነበሩ። ዋርካው እንደምንም ብሎ ወንድሙን ጣለውና ቀኝ ክንዱን በሁለት ጭኖቹ መሃል ቆለፈው። ይህ የክንድ ቁልፍ የሚባለው ነው፤ ክርን ወደ ማይታጠፍበት ወገን ይለጠጣል። የተያዘው ሰው በቃኝ ሲል ፍራሹን በመዳፉ ይመታል፤ የያዘው ያን ጊዜውኑ ይለቃል። በዚያ ቤት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማሩት ይህንን ነው።

ሚዶ መታ። ዋርካው ሰማው። ሚዶ ሁለተኛ መታ። ዋርካው ይህንንም ሰማ፤ ራሱ በሰፋው ሸራ ላይ የሚዶ መዳፍ ጠፍ ሲል ከጆሮው አንድ ክንድ አይርቅም። "አስጠናሃለሁ" የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ያቃጭል ነበር። ሦስተኛ ሲመታ ዋርካው ዳሌውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ አደረገ። እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የሚዶ ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

አሰልጣኟ እያነከሱ ሮጠው መጡ። ጀርባቸውን ሰጥተው ጀማሪዎችን እያሳዩ ስለነበር ያዩት ነገር አልነበረም፤ ሌሎቹም በየጥንዳቸው ተጠምደው ነበር። "ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?"

ሚዶ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ አጥምቆት፣ "የኔ ጥፋት ነው" አለ። "ሳልመታ ዘገየሁ መሰለኝ።"

ሁሉም ዋርካውን አዩት። ዋርካው አፉን ከፈተ፤ ምንም ሳይል መልሶ ዘጋው።

የክርኑ ጅማት ተበጥሷል ተባለ። ሚዶ ክንዱ ታስሮ ሁለት ወር፣ ከዚያ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ። ዋርካው በየቀኑ አብሮት ነው። ጠዋት ፀጉር ቤቱን ይከፍትለታል፣ ፎጣ ያጥባል፣ የወደቀ ፀጉር ይጠርጋል፣ ከሰዓት ሕክምና ያደርሰዋል። ሚዶ በግራ እጁ መቁረጥ ተለማመደ። "ቀኝ እጄ ፈቃድ ወጥቷል፤ ግራዬ በተጠባባቂነት እየሠራ ነው" እያለ ደንበኛ ያስቃል። አንዳንዱ ጆሮው አካባቢ ደረጃ ተሠርቶለት ይወጣል፤ ማንም ግን አልተቀየመውም።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሆነው ዋርካውን መጥረጊያ ይዞ በመስታወቱ ሲያዩት፣ "ወንድም ካልቀረ እንዲህ ነው! እንዲህ ያለውን ይስጥ!" ይላሉ። እናታቸውም በየቤቱ ሲያወሩት ውለው ይገባሉ። ዋርካው ምስጋናው በመጣ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይጠርጋል። ሰው ትሕትና መሰለው። ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ወርክሾፑ ውስጥ መዶሻ ይዞ ሥራውን ረስቶ ይቆማል። ምግብ ሲቀርብለት ይጎርስና ማኘኩን ይዘነጋዋል። ብዙ ጊዜ ለመናገር ተነሳ፤ ግን ዛሬ ሕክምና አለበት፣ ነገ እናታችን ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ ይሻለው እያለ አምስት ወር አለፈ።

በአምስተኛው ወር ሐኪሙ ሚዶን "ጨርሰሃል፤ ወደ ስፖርትህ መመለስ ትችላለህ" አለው። ሚዶ ግን አልተመለሰም። አንድ ከሰዓት፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ዋርካው ጠየቀው።

"ምን ሆነህ ነው የማትመጣው? ክንድህ እኮ ድኗል።"

ሚዶ ምላጭ እየቀየረ ነበር። "ጋሼ፣ የምፈራው ክንዴን አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ራሴን ነዋ።" ቀና ብሎ አላየውም። "ያን ቀን የመታሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም መዳፌ ሸራው ላይ ሲያርፍ ትዝ ይለኛል። ግን ብመታ ኖሮ አንተ ትለቀኝ ነበር፤ ስለዚህ አልመታሁም ማለት ነው። ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ የሚያምን ሰው ምኑ ይታመናል? አሁንማ ምላጭ በሰው አንገት ላይ ሳሳርፍ እንኳ እጄ ያለበትን ሁለቴ ነው የማየው።"

ዋርካው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጎዳው ክርን ብቻ መስሎት ነበር። "ሚዶ፣ እኔ..." ሲል በሩ ተከፈተና ልጇን የያዘች ሴት ገባች። "የሱን ብቻ ቶሎ፣ ወንድሜ፤ መንገድ ላይ ነን።" ሚዶ ጨርቁን አራገፈ። ዋርካው መጥረጊያውን አስቀምጦ ወጣ። ሴትዮዋ ባትመጣ እናገር ነበር እያለ ራሱን ሲያጽናና ሄደ፤ እውነቱን ግን ያውቃል፤ በሩ ሲከፈት ተመስገን ብሎ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አሰልጣኟ ከልምምድ በፊት ሁሉንም አሰለፉ። "ጉልበቴ ከእንግዲህ አይረዳኝም፤ ጀማሪዎቹን የሚይዝልኝ ሰው መርጫለሁ" አሉ። "በወንድሙ ላይ አደጋ ከደረሰ ጀምሮ የዚህን ሰው ጥንቃቄ አይታችኋል።" በእጃቸው ዋርካውን አመለከቱ። ተጨበጨበ። ዋርካው ከሰልፉ ወጣ፤ አመስግኖ ሊናገር መሰላቸው። እሱ ግን ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ፣ በልምምድ ልብሱ እንዳለ፣ የወገቡ ቀበቶ እየተወዛወዘ ወደ ፀጉር ቤቱ ገሰገሰ።

ሚዶ ብቻውን መስታወት ይወለውላል። "ጋሼ! ምነው? እማዬ ምን ሆነች?"

"መትተሃል" አለ ዋርካው።

"ምን?"

"ያን ቀን። ፍራሹን መትተሃል። ሰምቼሃለሁ።"

ሚዶ ጨርቁን ከመስታወቱ ላይ አላነሳም። "ስንቴ?"

"ሦስቴ።"

"ሦስቴ።" ቃሉን እንደ ባዕድ ነገር አፉ ውስጥ አገላበጠው። "አልሰማሁም ነበር በለኛ። ተደናግጬ ነው በለኛ።"

"ሰምቼ ነው የያዝኩህ። ፈተናውን ስላገኘህ ነው። ስለቀለድክብኝ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።"

ሚዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት ላይ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። "ክርንስ ይሁን። ይድናል፣ ድኗልም። አምስት ወር ሙሉ ፎጣዬን እያጠብክ፣ እኔ ራሴን ስጠራጠር እያየህ ዝም አልክ? እብደት ጀምሮኛል ብዬ ለሐኪም ልናገር ነበር እኮ!" ተነሳ። "ውጣልኝ።"

"ሚዶ..."

"ውጣ አልኩህ!" ጋሼ አላለውም።

ዋርካው ወደ አዳራሹ ተመልሶ ለአሰልጣኟ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። "ያባሩኝ" አለ በመጨረሻ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ማባረርማ ለአንተ ዕረፍት ነው። ነገ እዚህ ለነበረው ሰው ሁሉ፣ ለልጆቹም ለወላጆቹም፣ አሁን ለእኔ እንደነገርከኝ ትነግራለህ። ከዚያ ለአንድ ዓመት ማንንም አትጥልም፣ ማንንም አትቆልፍም። የሚወድቅ ሰው ይፈለጋል፤ ትወድቃለህ።"

እንደተባለው ተናገረ።  አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወጣች፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰችም። በጎዳና ላይ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ፤ እኚያ ሽማግሌ ደግሞ ሲያዩት መንገድ መሻገር ጀመሩ። ከሁሉ የከበደው ግን ሚስቱ ነበረች፤ አልተቆጣችም፣ "ለዚህ ነው ማታ ማታ ስምህን ስጠራህ የምትደነግጠው?" ብላ ብቻ ጠየቀችው።

ሚዶ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ልምምድ ተመለሰ። በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ከሌሎች ጋር ይጣመራል፣ ወንድሙ ወዳለበት ዞሮ አያይም። ፈተናውን አለፈ። ዋርካውን ልምምዱን ሙሉ ይጥሉታል፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጀማሪዎቹ "ዋርካው ተገነደሰ!" እያሉ ይስቃሉ፣ እሱም ተነስቶ ልብሱን አስተካክሎ ለሚቀጥለው ይቆማል።

እሑድ እሑድ እናታቸው ቤት ሁለቱም ይመጣሉ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ዋርካው አንድ ቀን እናቱን ለመናቸው። "እማዬ፣ እስቲ አንቺ አናግሪልኝ። አንቺን እምቢ አይልም።"

"አላናግርም" አሉ። አተር እየፈለፈሉ ነበር። "አጥፍተሃል፣ ይቅርታ ጠይቀሃል። መልሱንም ጠምዝዘህ ልታወጣው ነው?"

ዋርካው ከጎናቸው ተቀምጦ አብሮ ፈለፈለ።

እውነቱን ከተናገረ በሰባተኛው ወር አንድ ማለዳ የወርክሾፑ በር ላይ የእጅ ጋሪ ቆመ። ሚዶ ነው። ከጋሪው ላይ የፀጉር ቤቱን ወንበር አወረደ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ ወጥቷል። ወንድሙን ሳይሆን ወንበሩን እያየ ተናገረ።

"የደንበኛ ሱሪ እየነከሰ አስቸገረ። መቼ ይደርሳል?"

"ለነገ አደርሰዋለሁ። ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?"

"የድሮውን ዓይነት።" ትንሽ ቆመ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የጨርቅ ናሙናዎች እያየ። "መደገፊያውን ጠንከር አድርገው፤ ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን ያማቸዋል" አለና ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ዋርካው የያዘውን የሰው ሶፋ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ወንበሩን መሃል ላይ አቆመ። አሮጌውን ቆዳ ሚስማር በሚስማር ሲያላቅቅ ምሳ ሰዓት አለፈው። እስከ ዛሬ ሁለቱ ፍራሽ ላይ አልተያያዙም፤ ይያያዙ እንደሆነም ዋርካው አይጠይቅም።