ማርሴይ ላይ ሽማግሌ የላከው መርማሪ

ለአርባ ምንጭ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ማንም ሳይሾመኝ ከያዝኩት የፈረንሳይ ልቦለድ ጠቋሚነት ሥልጣን ራሴን ላልተወሰነ ጊዜ ማገዴን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ውሳኔው ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ የጸና ነው። ባጃጆች እንደወትሮው ይሠራሉ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ...

እንደምታውቁት እኔ ሴቻ ተቀምጬ የፓሪስን መንገዶች ከታች ካለችው ከሲቀላ መንገዶች አስበልጬ የማውቅ ሰው ነኝ። ታሪኩ ፈረንሳይ ውስጥ ይሁን እንጂ ፍቅርም ሆነ ግድያ አያመልጠኝም። ሁለቱ ባንድ ላይ ከመጡማ... አንድ ሰውዬ ምድር ቤት ሞቶ ይገኛል፣ መርማሪው መበለቷን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ዓይኗን ያያል፣ ጥያቄውን ይረሳል። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ስለ አንዱ ጽፌ ነበር። ማርሴይ ወደብ ላይ የሚካሄድ፣ ትርጉም፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ከመንገድ ዳር የገዛሁት። «ሦስቴ አንብቤ ሦስቴ አልቅሻለሁ፤ በተለይ መጨረሻው!» ብዬ። በሳምንቱ እትዬ ብዙነሽ ከዶርዜ ወርደው ተዋሱኝ። ባለቤታቸው ጋሽ አንጁሎና የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ቶማስ ሸማኔዎች ናቸው። ወንዶቹ ሲሸምኑ እትዬ ብዙነሽ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አንጁሎ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ያ መጽሐፍ ያንተ ነው?»

«አዎ ጋሼ... ወደዱት?»

«ቤቴን አፈረሰው። ቶሎ ወደዚህ ውጣ!»

ያንን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ጋሽ አንጁሎ በአንድ በኩል፣ ቶማስ በሌላ በኩል፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው እርጥብ ሣር የያዙ ሽማግሌ አሉ። እርጥብ ሣር እዚያ ለጨዋታ አይያዝም፤ ለእርቅ ነው። በሱ ፊት የዋሸ ሰው ጎሜ አለበት፣ ማለትም በደሉ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ አንጁሎ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትዳራለች። ለሙሽራው አባት የሚሰጠውን ጋቢ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን ቶማስ እየሸመኑት ነበር። ነበር! ከተኳረፉ ዘጠኝ ቀናቸው። መወርወሪያው ቆሟል፣ ጋቢው ግማሽ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሙሽሪት ታለቅሳለች። የጠቡ ምክንያት... ማርሴይ ላይ ሰውዬውን ማን ገደለው የሚለው ነው።

«ዳቦ ጋጋሪው ነው!» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ መርማሪው ለመበለቷ ሦስት ሽማግሌ ላከ።»

«ውል አዋዋዩ ነው!» አለ ቶማስ። «እኔስ በምኔ ሰማሁ? ደግሞ ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው።»

ቆይ ቆይ... ማርሴይ ውስጥ ሽማግሌ?

መጽሐፉን ከእትዬ ብዙነሽ ተቀብዬ ከኋላ ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ «መርማሪው ቀስ ብሎ ዞረና» ይልና ያበቃል። ከዚያ በኋላ የተቦጨቀ ወረቀትና ክር ብቻ ነው። ቀና ስል እትዬ ብዙነሽ እንዝርታቸውን ዛሬ ገና እንዳዩት ዕቃ ያገላብጣሉ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሦስቴ አንብበህ ሦስቴ አልቅሰሃል አሉ። በል ፍረድ። ገዳዩ ማነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አንዱን ስም ብጠራ ጋቢው ያልቅ ይሆናል፤ የአንዱ ፊት ግን ለዘላለም ይጠቁራል። ደግሞ ሣሩ አለ።

«አባባ... እኔ ያነበብኩት እስከ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ነው። አላለቀስኩምም።»

ሽማግሌው ሣሩን ዝቅ አደረጉት።

ያኔ እትዬ ብዙነሽ እንዝርታቸውን ቁጭ አደረጉ። «እንግዲህ እሱ ከተናዘዘ እኔም ልናዘዝ። ገጹ አለቀብኝ። አንጁሎ ደግሞ መወርወሪያ አቁሞ አፌን ያያል። ምን ላድርግ? የመጽሐፉን ጀርባ እያየሁ ማንበቤን ቀጠልኩ። ዳቦ ጋጋሪው አልኩ። ያን ቀን ቶማስ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ አንጁሎ ገበያ ሲወጣ፣ ቶማስ ‹ድገሚልኝ› አለኝ። ያልኩትን ረስቼው... ውል አዋዋዩ ሆነ።»

ጋሽ አንጁሎ ሚስታቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩዋቸው። «ያ በሻርፑ ቋጠሮ ገዳዩ የታወቀበት... ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እኔ ፈረንሳዩን ሳደንቅ!»

«ሽማግሌዎቹስ?» አለ ቶማስ ድምፁ ተሰብሮ።

«እነሱም የኔ ናቸው።»

«እነሱን እንዳትነኪ!» አሉ ሽማግሌው። «ያ መርማሪ ወግ ያለው ሰው ነው።»

ፍርዱ አጭር ነበር። ሁለቱም ወደ ሸማቸው ይመለሳሉ፤ እትዬ ብዙነሽ መጨረሻውን አንድ ጊዜ፣ ለሁለቱም ባንድ ላይ፣ ይናገራሉ። እኔ ደግሞ ለቅጣት ጥጥ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ።

ጀመሩ። መጽሐፉን ዘግተው። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል ቃላቸውም አብሮት ይሄዳል። ወደቡ ላይ ነፋስ ተነሣ፣ መርማሪው ቀስ ብሎ ዞረ... ገዳዩ ዳቦ ጋጋሪውም ውል አዋዋዩም አልነበረም። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ከጠቋሚነት ብታገድም ሥነ ምግባር አለኝ። ይህን ያህል ግን ልበል፦ መበለቲቱ በሩን ከፍታ ሽማግሌዎቹን «ግቡ» ስትላቸው ቶማስ ክሩን በጠሰው፣ ጋሽ አንጁሎ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እኔ ጥጡን አረጠብኩት።

ጋቢው አልቋል። ለሠርጉም ተጠርቻለሁ፤ መጽሐፍ እንዳልይዝ ተነግሮኛል።

እርማት፦ ባለፈው ወር በዚህ ገጽ «ሦስቴ አንብቤ ሦስቴ አልቅሻለሁ» በሚል የወጣው «ግማሹን ሳላነብ አንዴ አልቅሻለሁ» ተብሎ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የተጻፈበት ቦታም «ፈረንሳይ» የሚለው ቀርቶ «ዶርዜ» ተብሎ እንዲታረም እንጠይቃለን።