ኤርኒ ያላዩት የኮርኒስ ግማሽ

ሊቨርፑል ውስጥ፣ ከወደቡ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ጥግ ላይ፣ «ሽመላ» የሚባል የድሮ መጠጥ ቤት አለ። ስንት ዓመት በፊቱ አልፌ፣ ዛሬም ሳየው ልቤ ዘለል ይላል! እስከ ደረቱ ድረስ ደም የመሰለ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ለብሷል። ከዚያ በላይ ጡብ፣ ከጡቡ በላይ የማማ ሰዓት፣ ከሰዓቱ አናት ላይ ደግሞ አንድ እግሩን ያጠፈ የመዳብ ሽመላ። በንግሥት ቪክቶሪያ የመጨረሻ ዓመታት አንድ ቢራ ጠማቂ ተፎካካሪውን ሊያስቀና ያሠራው ነው። የመርከብ ሳሎን የሚያስጌጡ እንጨት ቀራጮችና ለሳኞች፣ ወደቡ ሥራ ሲቀዘቅዝበት እየመጡ እንደሠሩት ሰፈሩ ያወራል። እኔ አምናለሁ። ውስጡ ገብቶ የቆመ ሰው ቤቱ አሁን መልሕቁን ነቅሎ የሚሄድ ይመስለዋል።

የማወራችሁ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ ኤርኒ ፋዛከርሊ ነው። ኤርኒ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግድግዳና ኮርኒስ በጀሶ የሚለስኑ ለሳኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉም «ሽመላ» ገብተው ጠጥተዋል። የቤቱን ግማሽ ግን አይተውት አያውቁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ሁለት በር ነበረው። የጎኑ በር የጉልበት ሠራተኞች ወደሚጠጡበት፣ «የሠራተኞቹ ክፍል» ወደሚባለው ያስገባል፤ የእንጨት አግዳሚ፣ ምንጣፍ የሌለው ወለል፣ ረከስ ያለ ቢራ። የማዕዘኑ በር ወደ ሳሎኑ ነው፤ የቬልቬት ወንበር፣ መስታወት፣ የእሳት ምድጃ። በርሜሉ አንድ፣ ባንኮኒው አንድ፣ ቀጂዋም አንድ ናት፤ ሳሎን የተቀመጠ ግን ጥቂት ፔኒ ጨምሮ ይከፍላል። ሁለቱን የሚለያቸው አበባ የተቀረጸበት መስታወት ያለው የማሆጋኒ እንጨት መከለያ ነው። ከሰው ቁመት ያልፋል እንጂ ኮርኒሱ ጋ አይደርስም።

ኤርኒ በወጣትነታቸው አንድ ቀን በማዕዘኑ በር አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር። ሂልዳ የምትባል ልጅ ሊያገቡ አስበው አባቷን ሊያነጋግሩ ነው። የቤቱ ባለቤት ጀሶ የጠጣ ጫማቸውን ቁልቁል አየና «አንተ ልጅ፣ ያንተ በር በጎን ነው» አላቸው። ሳሎኑ በሙሉ ዞሮ አየ። የሂልዳ አባትም አየ። ኤርኒ ሂልዳን አገቧት፤ በዚያ በር ግን ዳግመኛ አልገባም ብለው ማሉ። ዘመኑ ተለውጦ፣ ማንም በፈለገው በር መግባት ሲጀምር እንኳ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሂልዳ ከእህቶቿ ጋር ሳሎን፣ ኤርኒ ከጓደኞቻቸው ጋር በወዲያኛው ክፍል ይቀመጣሉ። ሳቋ በመከለያው አናት ላይ አልፎ ይመጣላቸዋል። ከእሳቸው ወገን ደግሞ ወደ እሷ የሚያልፍ አንድ ነገር ነበር፤ ኮርኒሱ ላይ በጀሶ የተሠራ የወይን ሐረግ። ከግድግዳው ይነሣል፣ እየተጠማዘዘ በራሳቸው ላይ ያልፋል፣ በመከለያው ላይ ተሻግሮ ይሰወራል። ለሳኝ ለሆነ ሰው ይህ እንዴት ያለ ስቃይ ነው!

«ሂልዳ! ሐረጉ እዚያ ሲደርስ ምን ይሆናል?» ብለው ይጮሃሉ።

«እግር የለህም? ገብተህ አታይም!»

«በሩ አይመቸኝም።»

«እንግዲያው ጠጣና ዝም በል!»

ሁለቱም ክፍል በሳቅ ያውካካል። ሂልዳ እንዳልነገረቻቸው አረፈች።

በኋላ ጠጪው ሳሳና ቤቱ ተዘጋ። መስኮቶቹ በጣውላ ተመቱ፣ እርግብ ገባበት። ያፈርሱታል ስንል የሰፈሩ ማኅበር ተረከበው፤ አጥቦ ወልውሎ የሰርግ አዳራሽ አደረገው። መከለያውን አልነኩትም። የሠራተኞቹ ክፍል ወጥ ቤት ሆነና የጎኑ በር በጡብ ተደፈነ። መግቢያው የማዕዘኑ በር ብቻ ሆነ።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ ኤርኒ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ኬይሊ፣ ሰርጓን እዚያው ልታደርግ ቆረጠች። ክንዷን ይዘው ወደ ሙሽራው የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን አላት?

«ደጅ ድረስ እሸኝሻለሁ» አሏት።

«ደጅ ድረስማ ታክሲውም ይሸኘኛል! አያቴ፣ ያ የከለከለህ ሰውዬ እኮ ከሞተ ቆየ።»

«በሩ አልሞተም።»

ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። ወይ ፍንክች!

የሰርጉ ቀን እንግዶች ሁላችን ውስጥ ተቀምጠናል። ኤርኒ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ ውጭ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ኬይሊ ብቻዋን ገባች። ሁላችንም ተነሣን፤ አንገታችንን ግን ደፋን። አዳራሹ መሃል ስትደርስ ቀጥ አለች። ሽቅብ አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ በሩ ሮጠች!

«አያቴ! ኮርኒሱ ተሰንጥቋል! ልክ እኔ ከምቆምበት በላይ!»

«ምን ያህል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ለሳኟ እኔ ነኝ?»

ገቡ። በሩንም፣ ወለሉንም፣ እኛንም አላዩ። «ሁላችሁም ከሥሩ ውጡ!» ሲሉ ወንበር ተገለበጠ፣ አክስቶች ተንጫጩ። ኤርኒ አንጋጠጡ። «የታለ? የቱ ጋ ነው?» አሉ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሐረጉ በመከለያው ላይ ተሻግሮ ይመጣል፤ ሳሎኑን በሙሉ ይዞራል። በዘለላዎቹ መሃል ወፎች አሉ፣ ላባቸው አንድ በአንድ የሚቆጠር። ከዚያ ያው ሐረግ ተመልሶ መከለያውን ይሻገርና ወደ ሠራተኞቹ ክፍል ይገባል።

«አንድ ነው» አሉ ኤርኒ።

«ምኑ?»

«ልስኑ። መጋጠሚያ የለውም። መጀመሪያ ኮርኒሱን ሙሉውን ሠሩት፤ መከለያውን ከሥሩ ያቆሙት ኋላ ነው።»

«ስንጥቁስ?»

«ምን ስንጥቅ አለው ይሄ! ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል! አንቺ ቀጣፊ!» ካሉ በኋላ «መሰላል አምጡልኝ!» ብለው ጮኹ።

የምታጋባቸው ሹም ሰዓቷን አየች። መሰላሉ መጣ፤ ሙሽራው ኦወን ከሥር ደግፎ ያዘላቸው። ኤርኒ በሙሉ ልብሳቸው ወጡ፣ አንዷን ቅጠል በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ወዲያው እንደ ሕፃን ጮኹ። «ጣቱ! አውራ ጣቱ እዚህ አለ! በእጁ ነው የተጫናት!» ማንም ስሙን የማያውቀው፣ ሞቶ አፈር የሆነ ለሳኝ የጣቱን አሻራ እዚያ ትቶታል። ኤርኒ የራሳቸውን አውራ ጣት ጉድጓዷ ውስጥ ከተው ቆዩ። 

ወርደው ክንዳቸውን ሰጧት። ሙዚቃው ተጀመረ። ሁለቱ መራመድ ሲጀምሩ ኤርኒ አሁንም እንዳንጋጠጡ ነበሩና ወንበር መታቸው።

«አያቴ፣ ወደፊት እይ እንጂ!» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺ እይልኝ» አሏት፤ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»