ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ

እናቴ ለራሷ ለቅሶ የሚሆን ፎቶ መነሳት እንደምትፈልግ የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ቀና እንኳ አላለችም። «አንድ ደህና ፎቶ አስነሺኝ። ስሞት የምታቆሙት» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

«ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አልኳት።

«ሟርት አይደለም፤ ዝግጅት ነው።»

ነገሩ የመጣው ከጎረቤቷ ሞት ነው። እናቴ በምትኖርበት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እዚያው እሷ ብሎክ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ዐርፈው ነበር። የልጆቻቸው ስልክ በፎቶ የተጨናነቀ ነው፤ የበሉት ክትፎ፣ የገዙት ጫማ፣ የተጠሩበት ሰርግ፣ ሁሉም አለ። የእናታቸው ፎቶ ሲፈለግ ግን ጠፋ። በመጨረሻ መታወቂያቸው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ አሳድገው ድንኳኑ ውስጥ አቆሟት። ፎቶዋ ስታድግ ማኅተሙም አብሯት አደገ። ሰማያዊ ግማሽ ክብ ጉንጫቸው ላይ አርፎ፣ ሴትዮዋ መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፈው በተናደዱበት ፊታቸው ለቀስተኛውን ሲገላምጡት ሰነበቱ። እናቴ የተቀመጠችው ከዚያ ፎቶ ትይዩ ነበር።

«እኔ ማኅተም ተመትቶብኝ አልሸኝም» አለች።

እናቱ ስለ ሞቷ ስታወራ የማይበሳጭ ልጅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። እኔ ተበሳጨሁ። የባሰ ያበሳጨኝ ደግሞ ትክክል መሆኗ ነው። የእኔም ስልክ ከእነዚያ ልጆች ስልክ አይሻልም። ቅዳሜ ከሰዓት አትላስ አካባቢ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ ማኪያቶ መጠጣት ከዚህች ዓለም ደስታ ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው፤ የማልገዛውን ጫማ ለክቼ መውጣት ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱንም ፎቶ ሳላነሳ አላልፍም። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አረፋውን ከላይም ከጎንም አነሳዋለሁ። የእናቴን ፎቶ ብዬ ስበረብር ያገኘሁት ግን በአብዛኛው መዳፏን ነው። ካሜራ ስታይ ወይ እጇን ፊቷ ላይ ታደርጋለች፣ ወይ ነጠላዋን ወደ ላይ ትስባለች፣ ወይ ወጥ ላማስል ብላ ትነሳለች። የቀሩት ጥቂቶቹን ደግሞ ስልኬ ሳልጠይቀው አፍክቷቸዋል። ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል።

እሺ አልኳት። እሷ ግን ቅድሚያ ፍሬም ይገዛ አለች። «ፍሬም ከሌለው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ አንቺን መቼ አጣሁሽ!» ቅዳሜዬን ሠውቼ ሾላ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ሾላ ፍሬም ባዶውን አይሸጥም፤ እያንዳንዱ ውስጥ የምትስቅ ፈረንጅ አለች። እናቴ መስታወቱን በጥፍሯ እየነካካች፣ ጀርባውን እየገለበጠች፣ «ይኼ ወርቁ ይለቃል፣ ይኼ ለሰርግ ነው፣ ይኼ ለሕፃን ነው» እያለች ሻጩን ላብ አጠመቀችው። ለሞት የሚሆን ፍሬም እንዲህ በደስታ የሚመረጥ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እሷ ግን ገበያ መዞር ትወዳለች፤ እኔም የወረስኩት ከእሷ ነው። ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ፍሬሙ ፈረንጇን እንደያዘ ቡፌዋ ላይ ተቀመጠ። እንግዳ መጥቶ «ማን ናት?» ሲላት «የልጄ አማት» ትላለች። እኔ እንኳን አማት ባልም የለኝም።

የፎቶው ቀን ክቷን ለብሳ መጣች። ከየካ አባዶ መገናኛ ድረስ ለሦስት በተሠራ የታክሲ ወንበር አራተኛ ሆና ስለመጣች፣ የተተኮሰው ቀሚሷ ከነክብሩ ተጨማዶ ነበር። በእጄ እየዳበስኩ ላቃናው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ከዚያ አንድ ብልጠት የመሰለኝ ሐሳብ መጣልኝ። ፎቶ ቤት ምን ያደርጋል? ብርሃኑ ደግ ነው፣ የቦሌ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል። ቦሌ ወስጄ አበባው አጠገብ አቆምኳትና ስልኬን አወጣሁ።

«ሄሎ! ሄሎ! ክልክል ነው!» አለ አንድ ጥበቃ ከማዶ እየሮጠ።

«ምኑ?»

«ሕንፃ ማንሳት።»

«የማነሳው እናቴን ነው።»

«ከኋላቸው ሕንፃ አለ።»

ቦሌ ላይ ከኋላው ሕንፃ የሌለው ሰው ከየት ይምጣ? ይህንኑ ልጮህበት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተይው፣ ሥራው ነው» ብላ፣ ለእሱም «እግዜር ያበርታህ ልጄ» አለችው። እኔ የተናደድኩበትን ሰው ሁሉ መመረቅ ልማዷ ነው።

እንግዲህ ፎቶ ቤት ገባን። አትላስ ጋ ያለ፣ መስኮቱ ላይ ሁሉም ሙሽሮች አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ፎቶ ቤት ነው። የምታነሳውም፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የምታስተካክለውም አንዲት ወጣት ነበረች።

«እማማ፣ ከኋላዎ ፏፏቴ ይሁንልዎ ወይስ ቤተ መጻሕፍት?» አለቻት።

«ግድግዳ የላችሁም?» አለች እናቴ።

ግድግዳ ተገኘ። እናቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናነበች። እኔ ሄጄ ወደ ትከሻዋ መለስኩላት። ልጅቷ ካሜራዋን ስታነሳ እናቴ ነጠላውን ወደ ላይ ሳበች። እንደገና መለስኩት። «በርዶሽ ነው?» አልኳት። «ዝም ብላችሁ አንሱኝ» አለች። ያን ጊዜ ነገሩ የካሜራ ፍርሃት ነው የመሰለኝ። እኔ የምፈልገው አንገቷ እንዲታይ ነበር። እናቴ ተነቅሳለች፤ ከአገጯ ሥር ጀምሮ አንገቷን የሚዞሩ ክብ መስመሮች፣ በመስመሮቹ መሐል ደቃቅ መስቀሎች፣ በዕድሜ ብዛት ወደ አረንጓዴ የሸሸ ጥቁር። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ስተኛ መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በዓለም ላይ እናቴን እናቴ የሚያደርጋት እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ነጠላውን ለመጨረሻ ጊዜ መልሼ በመርፌ ቁልፍ አሰርኩት። ፎቶው ተነሳ።

ልወስድ በተቀጠርኩበት ቀን ልጅቷ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በኩራት ፊቴን ታየኝ ጀመር።

«ይህቺ ማናት?» አልኳት።

«እማማ ናቸዋ!»

ፊቷ አዲስ እንደተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ሆኗል። ሲያናድዳት የሚጠልቀው የግንባሯ መስመር የለም። ይህንን እንኳ ልችለው እችል ነበር። አንገቷ ግን ባዶ ነበር። ባዶ! ምንም ያልተጻፈበት አንገት።

«አንገቷ ላይ የነበረውስ?»

«ክሊን አደረግኩላቸው» አለች። «ከላይ እስከ ታች ቆሻሻ ነገር ነበረባቸው። ብዙ ሰዓት ነው የፈጀብኝ፣ እናቴ ትሙት!»

«ንቅሳት ነው እኮ።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ታቱ? እማማ ታቱ አላቸው? ዋው!»

እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አንጓዋ ላይ የተነቀሰች ቢራቢሮ አየሁ። የራሷን ቢራቢሮ ከፍላ አስነቅሳ፣ የእናቴን መስቀል እድፍ ነው ብላ አጠበችው። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው ይኼ ነው። «መልሺው» አልኳት።

በሌላ ቀን ደውላ «መልሼዋለሁ» አለችኝ። በደስታ ሄድኩ። አልሸሹም ዞር አሉ! ፎቶው ላይ ንቅሳት አለ፤ የእናቴ ግን አይደለም። የጠቆረ፣ የጎላ፣ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተደረደረ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ሰርች አድርጌ ነዋ። የሌላ እናት ነው፤ ግን ያምራል አይደል?»

እናቴ በገዛ ለቅሶዋ የሌላ ሴት አንገት ልትለብስ ነው ማለት ነው። ያልተነካውን፣ ካሜራው እንዳየው ያለውን ስጪኝ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ያልተስተካከለ ፎቶ ከእኛ ቤት አይወጣም፣ ስማችን ይበላሻል አለች። ሽበቱም ይታያል አለች። የግራ ዓይናቸውም ትንሽ ጨፈን ብሏል አለች። ጥርሴን ነክሼ «ግድ የለም» ስላት እየተከዘች አተመችልኝ፤ በሽተኛ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የወሰድኩባት ነው የምትመስለው። የጸዳውንም ፎቶ «ይኼንንም ይያዙት፣ ከታተመ በኋላ ምን ላደርገው ነው» ብላ ፖስታው ውስጥ ጨመረችው። ተቀበልኳት። እናቴን ላስቅበት ነበር ሐሳቤ።

የዚያኑ ቀን የካ አባዶ ሄድኩ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያልተነካውን ሰጠኋት። አየችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ለሳቅ ያመጣሁትን ሰጠኋት። አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ ቆይታ አየችው። በጣቷ አንገቱን ዳበሰችው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

«ይኼኛው ይሁን» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ብቻዬን እየሳቅኩ መሆኔ ቆይቶ ነው የገባኝ።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ አንቺ አይደለሽም!»

«አውቃለሁ።»

«ንቅሳትሽን ሙልጭ አድርጋ ነው ያጠፋችው!»

«ንቅሳትሽ ትላለች እንዴ? እኔ ለምኜ ያስነቀስኩት መሰለሽ?»

ከዚያ የነገረችኝን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ነቃሿ ወደ መንደራቸው ስትመጣ እናቴ ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች። ቂጣ አለ ነይ ብለው ነው የጠሯት። ሁለት ሴቶች ራሷንና ትከሻዋን ያዟት፤ አንዷ የገዛ እናቷ ናት። ከመርፌው ይልቅ «ዝም በይ፣ ልታምሪ ነው» ማለታቸው ነው የማይረሳት። አንገቷ አብጦ ውሃ መዋጥ አቅቷት ሰነበተች። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር፣ አንዲት የከተማ ልጅ ሰው በተሰበሰበበት «አንገትሽን አትታጠቢም እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት ስትወጣ ሻርፕ ወይ ነጠላ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። እኛ ልጆቿ ደግሞ አንገቷ ብርድ አይችልም እያልን በየበዓሉ ሻርፕ እንገዛላት ነበር።

ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። በነቃሿ፣ በአያቴ፣ በዚያች የከተማ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ግን በእሷ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አትነግሪኝም?»

«ስትጫወቺበት ደስ ይልሽ ነበር» አለች።

እኔ ግን ክርክሬን አልተውኩም። ሻርፕ ብትጠመጥምበትም ለቀስተኛው ሁሉ ንቅሳቷን እንደሚያውቅ ነገርኳት። እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም ፎቶውን አይቶ ማን ሞተች ብሎ እንደሚጠይቅ ነገርኳት።

«ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች እንዳደረጉኝ አይቶኛል» አለች። «ያን ቀን እንኳ እኔ እንደፈለግኩ ይየኝ።»

«አንቺ ያን ቀን የለሽም እኮ!» አልኩ። መጮሄን ያወቅኩት ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ነው። «ድንኳን ውስጥ ከዚህች ከማላውቃት ሴት ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ! አንቺ የለሽም!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ አቃተኝ። ያን ሁሉ ቀን ስለ ፎቶ፣ ስለ ፍሬም፣ ስለ ጥበቃ ስበሳጭ ቆይቼ፣ የምንነጋገረው ስለ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬ ሰማው። ዓይኔ ሞላ። እናቴ መነጽሯን አወለቀችና አየችኝ። ልትመርቀኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

«ሞኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያን ቀን ዓይንሽ ፎቶ የሚያይልሽ መሰለሽ?»

ያልተነካውን ፎቶ ከጠረጴዛው አንስታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ይኼ ያንቺ ነው» አለች።