ናቡከደነፆር በር ላይ ያቆማቸው ሚዜዎች

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የመዘምራን ልጆች ከበቡኝ። እዚህ ደርባን ከተማ በሰዓት በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ወንበር እያጠፍኩ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ልታገባ ነውና ሚዜዎቹን በር ላይ የሚይዙበት ጨዋታ ይፈልጋሉ። «እማዬ፣ አንድ ረጅም ቃል ስጪን፤ ከውስጡ ትንንሽ ቃላት እንዲያወጡ» አሉኝ።

«ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኳቸው፤ «መዝሙር አዘምሯቸው፣ ጥቅስ አስነብቧቸው። ይህ ግን እኔ ባለሁበት አይሆንም!»

ልጆቹ ተያዩ። በቁጣ የምታወቅ ሴት አይደለሁም። ለምን እንደተቆጣሁ ያን ዕለት አልነገርኳቸውም፤ ዛሬ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው ቡታጅራ፣ በታናሽ እህቴ በምሕረት ሰርግ ቀን ነው። «አናስገባም» ብሎ ሚዜን በር ላይ መያዝ የትም ያለ ልማድ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለማንዘፍን በዘፈኑ ፈንታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄ እንጠይቅ ነበር። ችግሩ ጥያቄው ከሰርግ ሰርግ አንድ ዓይነት ሆነና ሚዜዎቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ «ማቱሳላ! ማቱሳላ ነው!» እያሉ ይመጡ ጀመር። ስለዚህ ጓደኞቼ የመዘምራን ልምምድ ላይ ሰው እስኪሟላ የምንጫወተውን ጨዋታ አመጡ። አንድ ረጅም ቃል ይጻፋል። ፊደሎቹን እያገላበጡ፣ ካዕቡን ራብዕ፣ ራብዑን ሳድስ እያደረጉ፣ ሌላ ፊደል ሳይጨምሩ አዲስ ቃል ማውጣት ነው። «ናቡከደነፆር» ብለው ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፉና በሩ ላይ ሰቀሉት። ሚዜዎቹ በእጃቸው ጣቶች ልክ ቃል ካወጡ ይገባሉ። ቀላል ነው፤ ቡና አለበት፣ ክንድ አለበት፣ ነብር አለበት። የሰርጉን ሥርዓት የምመራው እኔ ነበርኩና ፈቀድኩ።

አባታችን ካረፉ ቆይተዋል። በእሳቸው ቦታ የቆሙልን ታላቅ ወንድማቸው አባባ ደግፌ ናቸው። ምሕረት ከታጨች ጀምሮ ስለ ቬሎውም ስለ ኬኩም ግድ ሳይሰጣት አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፤ «አባባ ሁለታችን ላይ እጃቸውን ጭነው ሳይመርቁን ከዚህ ቤት አልወጣም።» በሰርጉ ማለዳ ግን ከእንሴኖ መልእክተኛ መጣ። የአባባ የልጅነት ባልንጀራ አርፏል፤ ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰርግ የቀረ ሰው ሌላ ቀን መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ቀብር የቀረ ማንን ይጠይቃል? አባባ «ሙሽራው በአራት ሰዓት ይገባል አላችሁኝ አይደል? መርቄያቸው እሄዳለሁ» አሉና ሳሎን ከተዘጋጀላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሚወስዳቸው ፒክአፕ ደጅ ቆመ።

አራት ሰዓት ሆነ፤ ሙሽራው የለም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሙሽራው ሰሎሞን የወልቂጤ ልጅ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ ያን ጊዜ አንድ ዞን ነበሩ፤ ካድሬዎቹም በየስብሰባው «ዞናችን፣ ዞናችን» ሲሉ እንሰማ ነበር። ተራራውን አቋርጦ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ግን በልግ ከጣለ መኪና ይውጣል። ስለዚህ ሰርገኞቹ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሽቅብ ሄደው፣ ዓለም ገና ላይ ታጥፈው፣ በቡኢ በኩል ቁልቁል ወደ እኛ ይመጣሉ። ጎረቤት ለመጠየቅ ሰፈሩን በሙሉ እንደ መዞር ነው። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ እኩለ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረውም። ተመስገን አልኩ። ክትፎው ለብ ብሎ በጣባ ቀርቧል፤ የቅቤውና የኮሰረቱ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፤ ቆጮው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ገብተው፣ ተመርቀው፣ አባባን ሸኝተን እንበላለን።

አንደኛ ሚዜው ሀብታሙ ይባላል። ከጎንደር ተመድቦ ወልቂጤ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው፤ የሰሎሞን የቅርብ ጓደኛ። ካርቶኑን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ክብር!» አለ። «ድንበር! ባንክ! ከበሮ! ዳንኪራ!»

«ዳንኪራ በዚህ ቤት አይጠራም» አልኩት።

«እህቴ፣ መች ጨፈርን? ከናቡከደነፆር ሆድ ውስጥ አገኘነው እንጂ።»

ሳቁ። ሌሎቹም እየጨመሩ ጣታቸው ሞላ። በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን አስቴር የምትባል ምላሷ የማያርፍ የመዘምራን ጓደኛችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወይ ወልቂጤዎች! ይህችን ይዛችሁ ነው የምትገቡት? የሆሳዕና ሚዜዎች እኮ የዚህን እጥፍ ነው ያወጡት!» አለች። የሆሳዕና ሚዜ የሚባል አልነበረም። ጨዋታውን በር ላይ ስንጫወተው ያ የመጀመሪያችን ነው።

ሀብታሙ ያስገባውን እግሩን መልሶ አወጣ። «የማን? የሆሳዕና? ወንድሞቼ፣ ወደ ኋላ!»

«በሩ ክፍት ነው እኮ፤ ግቡ እንጂ!» አልኩ።

«ተከፈተልን እንጂ መች አሸነፍን? እኛ በምጽዋት አንገባም።»

«ሀብቴ፣ በናትህ» አለ ሰሎሞን አበባውን እንደያዘ።

«አንተ ዝም በል። ሙሽራ ቃል አያወጣም፤ ቃል ይገባል።»

ሚዜዎቹም ደረታቸውን ነፍተው ካርቶኑ ሥር ቆሙ። ያለ ሚዜ የሚገባ ሙሽራ የለምና ሰሎሞንም ቆመ። ካፊያው ጀመረ። ድንኳኑ ከግቢ ተርፎ እስከ መንገዱ ስለተዘረጋ ምንም አልነካቸውም፤ ቢነካቸው ኖሮ ይገቡ ነበር። የሰፈሩ ሰውም ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ሐጂ ሙዘይን ሳይቀሩ ከሱቃቸው ወጥተው «‹ብርድ›ን ብላችኋል? ካላላችሁ ጻፉት» ይሏቸዋል። አጋዥ አገኙ ማለት ነው!

ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

«ልጄ፣ ሙሽራው የት ደረሰ?» አሉኝ አባባ።

«በር ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ቃል እየፈለጉ ነው።»

«ቃል? መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ነው?»

ወደ በር ተመለስኩ፤ ለመንኩ። «አንድ ብቻ፣ እህቴ፣ አንድ ብቻ» ይለኛል መምህሩ፣ ዓይኑን ከካርቶኑ ሳይነቅል። በልቤ ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ፣ እንደ ስሙ ባለቤት እንደ ናቡከደነፆር ሣር አብላቸው አልኩ። ቆጮው እየደረቀ ነው፤ ቅቤው እየረጋ ነው።

ስመለስ አባባ ተነሥተዋል። «ባልንጀራዬን አፈር ሳይለብስ ልድረስበት። እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ እኔ ካለሁበት እጸልይላቸዋለሁ» አሉ። ዣንጥላቸውን አቀበልኳቸው። ከጓዳ የምሕረት ድምፅ መጣ፤ «እትዬ፣ ሄዱ እንዴ?» አባባን ተከትዬ ወጣሁ።

አባባ በር ላይ ሲደርሱ ሀብታሙ ማንነታቸውን ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «አባቴ፣ ከዚህ ውስጥ የቀረን ቃል ካለ ይርዱን።»

አባባ መነጽራቸውን አወጡ። እሳቸውም ሊጫወቱ ነው! ካርቶኑን አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው በላያቸው የተዘረጋውን ሸራ አዩ።

«ድንኳን» አሉ።

ሚዜዎቹ ጮኹ፤ አጨበጨቡ። አባባ ግን አልሳቁም። «ከዚህ ድንኳን ወጥቼ እዚያ ማዶ ወደ ተተከለው እየሄድኩ ነው፤ የሞተ ሰው ይጠብቀኛል። የወንድሜን ልጅ ልመርቅ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጬ ነበር» አሉ።

ጭብጨባው ቆመ። ሀብታሙ ያን ጊዜ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። «ይግቡ፣ አባቴ፣ እኛም እንገባለን…» አለ። ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሙሽሪትን ከጓዳ አስወጥቶ ሥርዓቱን ለመፈጸም ግን ጊዜው አልፏል፤ የፒክአፑ ሞተር ተነሥቷል።

ጓዳ ገብቼ ምሕረትን በእጇ ያዝኳት። አክስታችን ቀሚሴን ጎተቱኝ። «ኧረ ነውር ነው! ሙሽራ በእግሯ በር ድረስ ወጥታ ባሏን ትቀበላለች? ምን ይሉናል?»

«የፈለጉትን ይበሉ» አልኳቸው። ለአክስቴ እንዲያ መልሼላቸው አላውቅም።

ሁለቱ በሩ ላይ ተንበረከኩ፤ ቬሎው ጭቃ ነካው። አባባ ዣንጥላቸውን ለሀብታሙ ሰጡና እጆቻቸውን በሁለቱ ሙሽሮች ራስ ላይ ጫኑ። «ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ሰው አይጣ። የአንዳችሁን ድካም ሌላችሁ ተሸከሙ።» በየቃሉ መንገዱ በሙሉ «አሜን» አለ፤ ሐጂ ሙዘይንም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አሚን» አሉ። ከዚያ አባባ ሄዱ፤ እንሴኖም የደረሱት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ነው።

ክትፎው በረደ። ማዕድ ላይ ሀብታሙ አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ቆየና ሳቀርብለት ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ‹ብርንዶ›ም ይወጣ ነበር እኮ» አለኝ። ጣባውን ጭንቅላቱ ላይ ያልደፋሁት በእግዚአብሔር ጸጋ ነው።

ፎቶ አንሺው ደግሞ «ምርቃቱ ሳሎን ነው» ስለተባለ መብራቱን ወንበሩ አጠገብ ተክሎ ሲጠብቅ ኖሮ፣ «አሜን» ሰምቶ ሲሮጥ ሁሉ አልቋል። ከምርቃቱ የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ አባባ ከወንበሩ ሲነሡ መብራቱን ለመሞከር ያነሣው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ባዶ ወንበር።

አባባ አሁን የሉም። ምሕረት ወልቂጤ ናት፤ ልጆቿ አድገዋል። ያን ፎቶ አልበሙ መጀመሪያ ላይ አድርጋዋለች። በደወልኩላት ቁጥር እጨቀጭቃታለሁ፤ «ባዶ ወንበር ለእንግዳ ይታያል? አውጪው እንጂ!»

«ባዶ አይደለም፣ እትዬ» ትለኛለች። «አባባ ወደ እኔ ሊመጡ የተነሡበት ነው።»

የተነሡት ለቀብር ነበር። ዣንጥላውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሷም ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ሰው ሲሳሳት ሳላርም የማልፍ ሴት አይደለሁም። ይህቺን ግን ስትናገር ድምፅዋን እሰማና ስለ ልጆቹ ትምህርት እጠይቃታለሁ።