ቡርቱካን መሪ ልትሆን ስትነሳ

ቡርቱካን የመጀመሪያውን የንግድ መጽሐፍ የገዛችው በእልህ ነው። ኤደን ከተማ ክሬተር ገበያ የወረደችው ለፀጉር ቤቷ ፎጣ ፍለጋ ነበር። መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከሽፋኑ ላይ ፈገግ ያለበትን አንዱን መጽሐፍ አንስታ አገላበጠችው። ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት።

"ለባልሽ ነው?"

"ለራሴ ነው!" አለች።

ቃሉ አንዴ ከአፏ ስለወጣ መግዛት ግድ ሆነ። ሽማግሌው እንዳይስቅባት ብላ እንዲያውም ሌላ ጨመረች። ፎጣውን ረስታው ቤቷ ገባች።

ያኔ አርባን ተሻግራ ነበር። የተወለደችው ደሴ ነው፤ አባቷ አረብ ገንዳ ሰፈር ሱቅ የነበረው የመናዊ፣ እናቷ የወሎ ሴት። ትምህርቷን አቋርጣ ጥቂት ዓመት የአባቷን ሱቅ ስትጠብቅ ቆየችና ለአባቷ ዘመድ ለሀይሰም ተድራ ኤደን መጣች። ሀይሰም ከባሕሩ ዳር የዓሣ አጥማጆች መንደር ከፉቁም በረዶ እየጫነ ለከተማው ዓሣ ነጋዴዎች የሚያደርስ ሾፌር ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ ብዙ ካወራ ታሟል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ኢንማ በሚባለው የኤደን ሰፈር ከአንድ ሕንፃ ሥር ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። ሦስት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ መብራት ሲጠፋ የምታስነሳው ያረጀ ጄኔሬተር፣ እና ሂክማ። ሂክማ የከሚሴ ሰው ነች። ወደ ሳዑዲ ለማለፍ መጥታ፣ መንገዱ አልቀና ሲላት እዚሁ የቀረች፣ ሹሩባ ላይ እጇ የሚበር ሴት።

ቡርቱካን አረብኛ ማንበብ የተማረችው በልጅነቷ ቁርአን ቤት ነው። ስለ ገበያ ጥናት የሚያወራውን ምዕራፍ ጮክ ብላ ስታነብ ሳይታወቃት እያዜመች ነበር። ከምሳ በኋላ አጠገቧ ጋደም ያለው ሀይሰም፣ አንቀጹ ሲያልቅ ዓይኑን ሳይገልጥ "አሚን" አለ።

መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ፣ ዓለም እየተለወጠች ነው፣ አልለወጥም ያለ ትልቅ ድርጅት ይሞታል ነው። ቡርቱካን ክው አለች። ባለ ሦስት ወንበሩ ትልቅ ድርጅት የእሷ ነዋ! በማግስቱ ገና በሩን እንደከፈተች፣ "ሂክማ፣ እየሞትን እኮ ነው" አለቻት። ሂክማ ማበጠሪያውን ጣለች። "ማን ሞተ? ኧረ ንገሪኝ እትዬ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡርቱካን መሪ ሆነች። መሪ መሆኗን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያ ራእይ ያስፈልግ ነበር። ጽሕፈት ቤት ሄዳ፣ "በአካባቢው ቀዳሚ የውበት ተቋም መሆን" የሚል ባለ ወርቃማ ጠርዝ ወረቀት አሠርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ደንበኞች የዋጋ ዝርዝር እየመሰላቸው ይጠጉና፣ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ሒና የቱ ጋ ነው የተጻፈው?" ይሏታል።

ቀጥሎ "የሚማር ድርጅት" የሚባል ነገር መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ስብሰባ ይደረግ ጀመር። ሰብሳቢዋ ቡርቱካን፣ ተሰብሳቢዋ ሂክማ።

"በዚህ ሳምንት ምን ተማርሽ?" አለች ሰብሳቢዋ።

ሂክማ አሰብ አደረገችና፣ "ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ተጣልታ እናቷ ቤት መግባቷን" አለች።

"ስለ ሥራው ነው የምጠይቅሽ።"

"ታዲያ ሥራ አይደል? የታረቀች ቀን ለፀጉሯ የምትመጣው እኛው ጋ ነው።"

ሰብሳቢዋ ሌላ አጀንዳ ስላልነበራት ስብሰባው ተበተነ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ጎበዝ መሪ መልስ አይሰጥም፣ ይጠይቃል ይላል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ልትቀባ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለች ቡርቱካን ከኋላዋ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ እያየቻት፣ "በዚህ ፀጉር ምን ብናደርግ የሚሻል ይመስልሻል?" አለቻት።

ሴትዮዋ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "ምን ሆነ? ምን አየሽበት?"

"አንቺስ ምን ይታይሻል?"

ሴትዮዋ ሻርፗን አንስታ ወጣች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ቡርቱካን ይህን ስታወራ አሁን እየሳቀች ነው፤ "መጽሐፉ ቶሎ ውደቁ፣ ቶሎ ተማሩ ይላል። መውደቁን እንኳ አሳምሬ ይዤው ነበር" ትላለች።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። የኤደን ክረምት እንደ ደሴው ዝናብ አይደለም፤ ሰው ከነልብሱ የሚቀቀልበት ወቅት ነው። መብራት ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ሰዓት ይበልጣል። ሰርግ ግን በሙቀት አይቆምም። አንድ ሐሙስ ዳሊያ የምትባል ሙሽራ እናቷን አስከትላ መጣች፤ ያመጣቸው አጎቷ መኪናው ውስጥ ይጠብቃቸዋል። አመሻሹ ላይ አዳራሽ መግባት አለባት። ግማሽ ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ገና በፒያስትራ እየተተኮሰ ሳለ መብራቱ ድርግም አለ።

ሂክማ ሮጣ ጄኔሬተሩን አስነሳች። ጄኔሬተሩ አሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፋና ዝም አለ። ብትጎትተው፣ ብትለምነው፣ በጫማዋ ብትመታው ወይ ፍንክች። ጣሪያው ላይ ያለችው የፀሐይ ሰሌዳ ከአንድ ማራገቢያና ከስልክ ቻርጅ ሌላ አትችልም።

"ያ አላህ! ልጄን ግማሽ ፀጉሯን ይዛ ነው የምድራት?" አለች የሙሽራዋ እናት በአረብኛ።

ቡርቱካን በዚያ ሳምንት ያነበበችው ምዕራፍ ትዝ አላት። በቀውጢ ሰዓት መሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው፤ መጀመሪያ ሌሎቹን ያዳምጣል። ስለዚህ እጇን አጣምራ ዝም አለች። ሂክማም የእሷን ቃል ስለምትጠብቅ ዝም አለች። እናትየው የፀጉር ቤቱን ባለቤት እያየች ዝም አለች። ላብ ከሙሽራዋ ግንባር ላይ ተነስቶ በአዲሱ ኩል መካከል መንገድ እየሠራ ወረደ።

"እትዬ" አለች ሂክማ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፤ "አመመሽ እንዴ?"

"እያዳመጥኩ ነው።"

"ምኑን? ማንም አላወራም እኮ!"

የዝምታው አመራር እንደማያዋጣ ሲገባት ቡርቱካን ስልኳን አወጣች። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወራ መጽሐፍ ካነበበች ወዲህ፣ ጠይቀውት የሚመልስ ፕሮግራም አስጭናለች። "ሙሽራ ወንበር ላይ ናት፣ መብራት የለም፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጻፈችለት። መልሱ ቆንጆ በሆነ አረብኛ መጣ፤ ጥያቄዋን አመሰገነና፣ በመጀመሪያ ድርጅቷ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ አቅርቦት እንዳለው እንድታረጋግጥ መከራት። ሂክማ ከትከሻዋ በላይ አንብባ፣ "ይሄም እዚህ ሀገር አልኖረም" አለች።

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። ሀይሰም ነው፤ ፉቁም በረዶ ሊጭን ተራ ይዞ፣ ለእራት ዓሣ ላምጣ ወይ ለማለት የደወለ። ቡርቱካን ስለ ዓሣው አልሰማችውም። ከድምፁ ጀርባ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ያገሳል።

"ሀይሰም፣ ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?"

"ማጦሩ ነዋ። የበረዶ ፋብሪካው ጄኔሬተር።"

"ቆሞ ያውቃል?"

"ከቆመ በረዶው ይቀልጣል" አለ ሀይሰም፣ ሚስቱ ፀሐይ የመታት ሳይመስለው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ቡርቱካን ያደረገችው ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የተወገዘ ነው። ማንንም አላማከረችም፤ የማንንም ሐሳብ አልጠየቀችም። እናቷ ደሴ ላይ ዶሮ የገባባት ጊዜ ትጮህ እንደነበረው ጮኸች። "ሂክማ፣ ፒያስትራውን፣ ፎኑን፣ የሜካፑን ሣጥን! ዳሊያ፣ አባያሽን ልበሽ! እናት፣ ወንድምሽን መኪናውን አስነሳ በይው! ሀይሰም፣ ለፋብሪካው ባለቤት ሚስት ንገራት፣ ሙሽራ እየመጣች ነው!"

"ምን?" አለ ሀይሰም። ስልኩ ተዘጋ።

እናትየው መኪናው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ስትራገም ነበር። ከገቡ በኋላ ደግሞ ዱዓ ጀመረች። ዳሊያ ቢጉዲኗ ላይ ጥቁሩን ሻርፕ ጣል ስላደረገች፣ ዘምቢል የተሸከመች መስላ በሴቶቹ መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች። መንገዱ ላይ አሸዋ ነፍሶ ስለነበር መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አንድ ቢጉዲን ይወድቃል፤ ሂክማ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች።

ፉቁም ሲደርሱ ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር። ዓሣው አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ጨረታው ደምቋል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ሴቶች ፎንና ፒያስትራ ታቅፈው ወደ በረዶ ፋብሪካ ሲሮጡ በዚያ ባሕር ዳር ታይቶ አያውቅም። ሀይሰም በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሊገባ የመጣውን ወንድ ሁሉ በእጁ ምልክት ይመልሳል። አጠገቡ ሻዲያ ቆማለች፤ የፋብሪካው ባለቤት ሚስት፣ ሰፊ ሴት፣ ድምፅዋ ከማጦሩ የማይተናነስ።

"የታለች ሙሽራዋ? ማሻአላህ፣ ግቡ፣ ግቡ!" አለችና የበረዶው ክፍል አጠገብ ያለውን መጋዘን ከፈተችላቸው።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቡርቱካን ኤደን ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አላገኛትም፤ የደሴ ጠዋት ትዝ አላት። ሂክማ መሰኪያውን ሰካች፣ ፒያስትራው ጋለ፣ ፎኑ ነፈሰ። ቡርቱካን የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ፎጣ አንጥፋ ሙሽራዋን አስቀመጠቻት። ሜካፑን እንደ አዲስ ስትጀምር ደግሞ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ኩሉ አልወረደም፣ ዱቄቱ አልረጠበም። ኤደን ውስጥ ሜካፕ መሥራት ከጀመረች ወዲህ፣ የቀባችው ነገር በቀባችበት ሲቆይ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን ወደኋላ ስባ የራሷን ሥራ አየችና፣ "ለካ ጎበዝ ነኝ" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱ የሙቀቱ ነበር!"

ዳሊያ በመስታወት ራሷን አየች። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ከመስታወቱ ጀርባ በበረዶ የተሸፈነ ትልቅ ዓሣ አፉን ከፍቶ ያያታል። ሙሽራዋ ስትስቅ እናትየውም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አየሩን አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ። "ልጄ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች!" ብላ የያዘችውን ሽቶ በሙሉ አፈሰሰችባት። ዳሊያ አዳራሽ የገባችው ዘግይታ ነው። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ በሩን አለፈ፤ ሴቶቹ ግን እልል ሲሉ ዓይናቸው የቀረው ፊቷ ላይ ነበር።

በበረዶው መኪና ወደ ቤት ሲመለሱ ቡርቱካን ጋቢና ውስጥ ሆና፣ ያደረገችው ነገር የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ልታስታውስ ታገለች። የመጽሐፉን ምክር የተከተለች ለመምሰል ቢያንስ አንድ ስም ያስፈልጋት ነበር። በመጨረሻ አገኘችው።

"ሀይሰም፣ ዛሬ ያደረግነው እኮ 'ስትራቴጂያዊ አጋርነት' ይባላል።"

ሀይሰም መሪውን ጠምዝዞ አንድ ጉድጓድ አለፈ። "እኔ በረዶ የምጭን መስሎኝ ነበር" አለ።

ወሬው ከሙሽራዋ ቀድሞ ኢንማ ደረሰ። ቡርቱካን "የዓሣዋ ኮዋፌር፣ የዓሣዋ ፀጉር ሠሪ" የሚል ስም ወጣላት። መጀመሪያ ተናደደች፤ ደንበኞች በሩ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው ሲቀልዱባት መጽሐፎቿን ሁሉ ለሽማግሌው ልመልስለት ብላ በከረጢት አሰረቻቸው። ከሰርጉ ጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሻዲያ ደወለች።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ያንቺን ሥራ ያየች ሁሉ እኔን ቁም ስቅሌን አሳየችኝ" አለች። "የእኛ ሰው ለፀጉሩ ከተማ ድረስ አይሄድም። ባሎቻችን ባሕር ላይ ናቸው፣ ልጆቹን ማን ይይዛል? መጋዘኑን አስለቅቄዋለሁ። ነይ።"

አሁን ቡርቱካን በሳምንት አንድ ቀን ፉቁም ትውላለች። በዚያ ቀን የኢንማውን ፀጉር ቤት ሂክማ ትመራለች፤ ራእዩን ነቅላ በቦታው የሒና ዋጋ ለጥፋለች ይባላል፣ ቡርቱካን ግን አላየሁም ብላ ታልፋለች። መጽሐፎቹም ከከረጢቱ ወጥተዋል። ፉቁም ላይ ሴቶቹ ቀለሙ እስኪይዝ በተደረደሩ የዓሣ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው ሲሰለቻቸው፣ ሻዲያ "የያዝሽውን ነገር እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልን" አለቻት።

ያን ቀን የያዘችው ስለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከረባት ያሰረ አለቃ የሚተርክ መጽሐፍ ነበር። ሰውየው ከንጋት በፊት ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ለብቻው ቁርሱን ይበላል፣ እስኪመሽ ከስብሰባ ስብሰባ ይላል፣ በሥራው ብዛት የልጁ ልደት ሦስት ጊዜ አምልጦታል። ቡርቱካን ይህን ክፍል ቤቷ ሆና ያነበበችው በቅናት ነበር፤ ከንጋት በፊት ለመነሳትም ሞክራ፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ፀጉር ላይ አንቀላፍታለች። አሁን ድምፅዋን አሳምራ አነበበችላቸው። ስትጨርስ ሴቶቹ ተያዩ።

"እናቱ አለች?" አለች አንዷ ራሷ ላይ ፕላስቲክ የጠቀለለች ሴት።

"መጽሐፉ አይልም።"

"ብቻውን ነው የሚበላው? በየቀኑ?" አለች ሌላዋ።

"መሪ ስለሆነ ነው" አለች ቡርቱካን፣ ትንሽ ልትከላከልለት ሞክራ።

ሻዲያ ከንፈሯን መጠጠች። "ምስኪን" አለች፣ "ወላሂ አሳዘነኝ። ወንድምም የለው ይሆናል። አንብቢ እስቲ፣ ምናልባት በኋላ ይሻለው ይሆናል።"

ቡርቱካን ሳቋ መጣ፤ በራሷ ነው የሳቀችው። ገጹን ገለጠችና፣ ለዚያ ከረባት ላሰረ ሀብታም ሰውዬ ሴቶቹ ሁሉ ከልባቸው እያዘኑለት ማንበቧን ቀጠለች።